የፈተና ውጤትን በፈቃድ ማቅረብ ማንን ጠቀመ?

በአሜሪካ ከፍተኛ ፉክክር የሚካሄድባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አዳዲስ ተማሪዎችን የሚመርጡት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤታቸውን፣ የመምህራንን የድጋፍ ደብዳቤና አመልካቹ የሚያቀርበውን ጽሑፍ በጋራ በመመዘን ነው። ከእነዚህ ጋር እስከ 1600 ነጥብ የሚያዝበት ኤስ ኤ ቲ ወይም እስከ 36 የሚያዝበት ኤ ሲ ቲ የተሰኘው ፈተና ውጤት ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲቀርብ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ በ2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ የፈተና ማዕከላትን ሲያዘጋ አብዛኞቹ ተቋማት ውጤት ማቅረብን ለአመልካቹ ፈቃድ ተዉት። አሠራሩ አስጠኚ የመቅጠር አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች ልጆች ይጠቅማል የሚል ተስፋም ተጥሎበት ነበር።

ይሁንና ዳርትማውዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ በ2024 ይፋ ያደረገው ጥናት ተቃራኒ ሁኔታ መኖሩን አመልክቷል። በጥናቱ መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ አንዳንድ አመልካቾች ለመመረጥ ሊያግዛቸው ይችል የነበረውን ውጤት ሳያቀርቡ ቀርተዋል። ኮሌጁ ውጤትን የሚመዝነው ተማሪው ከተማረበት ትምህርት ቤት ሁኔታ ጋር በማገናዘብ ነው። በመሆኑም ከተቋሙ አማካይ በታች የሆነ ነጥብ እንኳ፣ አብዛኛው ተማሪ ዝቅተኛ ውጤት ከሚያመጣበት ትምህርት ቤት ሲመጣ የብቃት ማስረጃ ይሆናል። መካሪ ያለው ተማሪ ይህን ያውቃል፤ የሌለው ግን ውጤቱን ይደብቃል።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2022፣ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 የፈተና ግዴታውን እንደሚመልሱ አስታውቀዋል። ዬል በወቅቱ ባወጣው መመሪያ አመልካቾች ከኤስ ኤ ቲና ከኤ ሲ ቲ በተጨማሪ ኤ ፒ ወይም አይ ቢ የተሰኙትን የትምህርት ዓይነት ፈተናዎች መምረጥ እንዲችሉ ፈቅዷል። በአንጻሩ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውጤቶቹን ለቅበላ ውሳኔ መጠቀሙን ሙሉ በሙሉ አቁሟል።

አሠራሩ ከተቋም ተቋም በመለያየቱ ኢትዮጵያ ሆነው የሚያመለክቱትን ጨምሮ ማንኛውም ተማሪ የእያንዳንዱን ተቋም የዓመቱን መመሪያ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። ምርጫው የእርሱ በሆነበት ቦታም ነጥቡን ከተቋሙ አማካይ ጋር ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ውጤት ጋር ማነጻጸሩ ተገቢ ነው።

የዳርትማውዝ ተሞክሮ ለመመሪያ አውጪዎችም ትምህርት የሚሰጥ ነው። ለተገልጋዩ ምርጫ መስጠት ብቻውን ፍትሐዊነትን አያረጋግጥም። ውሳኔው በምን መስፈርት እንደሚመዘን በግልጽ ካልተነገረው፣ እንዲጠቅመው ታስቦ የወጣው መመሪያ መልሶ ሊጎዳው ይችላል።