ከእጅ አይሻል ሌንስ

የሰርግ ወራት ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይይዘዋል። «ሌንሱን ልቀይረው ወይስ በያዝኩት ልግፋ?» ዕቁብ የደረሰው ይጠይቃል፤ ቀብድ የተቀበለው ይጠይቃል፤ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ ሳይጠይቅ ያዝዛል። እኛም በዚህ ጉዳይ ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ ስንከራከር ከርመናል። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገርና እንገላገል፦ አብዛኞቻችን መቀየር የለብንም። ለምን? እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ወሬው እንዳይበተንብን አንድ ሌንስ እንምረጥ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚያውቀውን የካኖንን ነጭ ዙም፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8። ካኖን የዚህን ሌንስ ባለማረጋጊያ ሁለተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2010 አወጣ፤ ሦስተኛውን በ2018 አስከተለ። በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት አለ። ስምንት ዓመት ተደክሞበት ምን ተለወጠ? ውስጡ ያሉት 23 መስታወቶች አደራደር ያው ነው። የተጨመረው ሽፋን ነው፤ አንዱ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ፎቶውን እንዳያደበዝዘው የሚረዳ፣ ሌላው የፊቱ መስታወት በቀላሉ እንዲጸዳ የሚያደርግ። አዎ፣ ቀለሙም ትንሽ ነጣ ብሏል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ አይደል?

አዲስ እትም ሁሉ ማታለያ ነው አላልንም። የዚያው ኩባንያ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ በ2002 ወጥቶ በ2012 ሲታደስ፣ መስታወቱ እንደገና ተነድፎ፣ ጥራቱ እስከ ፎቶው ጠርዝ ድረስ ጨምሮ፣ ክብደቱም ከ950 ወደ 805 ግራም ወርዶ ነው። ያ እውነተኛ ለውጥ ነው። ስለዚህ ሻጩ «አዲሱ መጣ» ሲለን መልሳችን «ምኑ ነው አዲሱ?» መሆን አለበት።

አሁን ወደ ኪሳችን እንግባ። ካኖን ለሚረርለስ ካሜራዎቹ የሠራው አርኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 በ2019 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 2,699 ዶላር ነበር። ያኔ ዶላር በባንክ 30 ብር ገደማ ነበርና ወደ 81 ሺህ ብር ይሆናል ማለት ነው። በ2024 የወጣው አዲሱ እትም ደግሞ 2,999 ዶላር ተባለ። በዶላር ስታዩት የጨመረው 300 ብቻ ነው። ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ100 ብር ብቻ እንኳን ብናስበው ሌንሱ ወደ 300 ሺህ ብር ሆነ። ቀረጥ ሳይቆጠር! ለአምጪው የሚሰጠው ሳይቆጠር! የጃፓን መሐንዲስ ለአውሮፓ ፎቶ አንሺ ያሰበው ትንሽ መሻሻል ለእኛ የበርካታ ሰርጎች ላብ ነው።

ደግሞስ ላቡ ምን ይገዛልናል? አዲሶቹ ሌንሶች ከሚወደሱባቸው ነገሮች አንዱ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው መሣሪያ ነው። የ2019ኙ ሌንስ እስከ 5 ስቶፕ ያረጋጋል ተብሏል። እጅን ማረጋጋቱንስ ያረጋጋል። ትከሻን ግን አያረጋጋም! ሚዜዎቹ እስክስታ ሲወርዱ ያንን ትከሻ ጥርት አድርጎ ለመያዝ የ1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሸተር ያስፈልጋል። ለዚያ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። የሰርግ አዳራሾቻችንን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሐምራዊ መብራት፣ ሰማያዊ መብራት፣ ጭስ፣ ከዚያ ጨለማ። እዚያ ውስጥ አንድ ጥሩ ፍላሽና ፍላሹን የሚይዝ ታናሽ ወንድም ከአዲስ ሌንስ ይበልጣሉ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ለመወሰን የማንም ምክር አያስፈልግም። ያለፈውን ዓመት የሰርግ ፋይሎች ክፈቱና የጣላችኋቸውን ፎቶዎች ብቻ እዩ። ለምን ተጣሉ? ሰውየው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ችግሩ ሸተር ነው። ፎከሱ ከሙሽሪት ዓይን ይልቅ ጀርባዋ ያለው ዲኮር ላይ አርፎ ከሆነ ወይ ልምምድ ነው፣ ወይ ካሜራው ነው። ፎቶው ጨልሞ ከሆነ መብራት ነው። ሌንሱ መስታወቱ ስላረጀ ብቻ የተጣለ ፎቶ ስንት ታገኛላችሁ? እኛ ስንቆጥር ከአንድ እጅ ጣት አላለፈም።

ደግሞ ፎቶው የት እንደሚታይ እናስብ። ለኤ4 አልበም ገጽ ጥርት ያለ ኅትመት 9 ሜጋፒክስል የማይሞላ ፎቶ ይበቃል። የቀረው በስልክ፣ በቴሌግራም፣ ተጨምቆና ተሰባብሮ ነው የሚታየው። የሙሽራው አክስት ፎቶውን በሁለት ጣት የምታጎላው የሽፋሽፍቷን ጥራት ለማየት አይመስለንም፤ የጎረቤቷን ቀሚስ ለማየት ነው።

«ደንበኛ የሚመዝነን በዕቃችን ነው» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ነጭ ሌንስ ይዞ የመጣና ጥቁር ትንሽ ሌንስ ይዞ የመጣ በአንድ ዓይን አይታዩም። ግን ደንበኛው እትም አንድ ይሁን እትም ሦስት የሚያውቀው ከየት ነው? ለእሱ ነጭ ነጭ ነው። አሮጌውም ያኮራል።

ታዲያ መቀየር ያለበት ማን ነው? በእኛ ግምት ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ኤፍ 4 ወይም ከዚያ የጠበበ ዙም ይዞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል የሚያነሳ ነው። ወደ ኤፍ 2.8 ሲሄድ ከኤፍ 4 አንጻር እንኳን እጥፍ ብርሃን ያገኛል፤ በአይኤስኦ 6400 ያነሳውን በ3200 ያነሳል። ይህ ሰው ግን ያገለገለውን አሮጌ ኤፍ 2.8 ቢገዛም ያንኑ ብርሃን ያገኛል። ሁለተኛው ወገቡ የሚያመው ነው። የ2018ቱ ሌንስ 1,480 ግራም ገደማ ሲሆን የሚረርለሱ 1,070 ነው። ከሙሽሪት ቤት እስከ ማታው ጭፈራ ድረስ 400 ግራም መቀነስ ቀልድ አይደለም፤ ጤና ነው፣ የሥራ ዕድሜ ነው። ሦስተኛው ሌንሱ ተበላሽቶ የሚጠግንለት ያጣ ነው። መለዋወጫ የማይገኝለት ዕቃ ይዞ ቀብድ መቀበል የሰው ሰርግ ላይ ቁማር መጫወት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ካልሆናችሁ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይፈልጋችኋል። መጠባበቂያ ቦዲ አላችሁ? ሁለተኛ ፍላሽ? ሰርጉን በሁለት ቦታ የምታስቀምጡበት ሃርድ ዲስክ? ካሜራውን ወደ ሚረርለስ የቀየራችሁም ብትሆኑ የድሮዎቹ ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር በደንብ ይሠራሉ፤ ቦዲ ስለቀየራችሁ ሌንስ የመቀየር ዕዳ የለባችሁም። ያም ሆኖ ልባችሁ ካላረፈ ለአንድ ሰርግ ተከራዩት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለሌንስ አይሠራም፤ የሰው ሌንስ በደንብ ያደምቃል። ሰኞ ዕለት ፎቶዎቹን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጉና የትኛው በየትኛው እንደተነሳ ለማያውቅ ጓደኛ አሳዩ። እሱ ካልለየው የዕቁቡን ገንዘብ አትንኩት።

መልካም የሰርግ ወራት ይሁንልን። ቸር እንሰንብት!