ካርዱ ላይ የሌለው ጥያቄ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ ባለፈው ወር የፍቺ ማመልከቻ እንዳዘጋጅላት የመጣች ሴት ናት። ስሟን ትቼ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ከስኳር በሽታ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ባሏ ለሽማግሌዎች «ልቧ ሌላ ዘንድ ነው» ብሎ ሲከሳት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እኔ ዘንድ በሩ ሲዘጋ ግን «ጋሼ፣ ያመኛል እኮ» አለችኝ።

የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችንና ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጎዳል። እግርን የሚያደነዝዘው ይኸው ጉዳት የሴቷን ስሜት ይቀንሳል፤ ድርቀት ያመጣል፤ ግንኙነቱንም ሕመም ያደርገዋል። በፈንገስ የሚመጣ ማሳከክና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይደጋገማሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን ሴቶች ለረጅም ጊዜ የተከታተለ የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ 35 በመቶ ያህሉ የወሲብ ችግር እንዳለባቸው፣ ከችግሩ ጋር በዋናነት የተያያዘውም ድብርት መሆኑን አሳይቷል።

ሴትዮዋ ቀጠሮዋን አታሳልፍም። ዓይኗ፣ እግሯ፣ ኩላሊቷ ይመረመራል። ስለዚህኛው ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው አልጠየቃትም። የወንዱ ችግር እ.ኤ.አ. በ1998 ቪያግራ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ቢያንስ በሽታ መሆኑ ታውቆለታል። የሴቷ ግን ዛሬም «እምቢተኝነት» ይባላል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 53 የግብረ ሥጋ ግንኙነትን የተጋቢዎች ግዴታ ሲያደርግ፣ ለጤና ጎጂ የሚሆንበትን ሁኔታ ለይቶ አስቀርቷል። አንቀጽ 49 ደግሞ መከባበርንና መደጋገፍን ያዝዛል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕመሟን መናገር ለማትችል ሴት ይህ ጥበቃ ምን ይፈይድላታል?

«የመኝታ ቤት ገመና ጋዜጣ ላይ አይወጣም» የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔ ደግሞ ገመናው ሽማግሌ ፊት ከወጣ ቆይቷል፤ ያልወጣው ሕመሙ ነው እላለሁ። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። ስኳሩን መቆጣጠር፣ ማለስለሻ ቅባት፣ የፈንገስና የድብርት ሕክምና፣ እንደ አስፈላጊነቱም መድኃኒት መለወጥ ብዙዎችን ይረዳል። በክትትል ካርዱ ላይ አንዲት ጥያቄ መጨመር ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

ማመልከቻውን ገና አልጻፍኩም። ባልና ሚስቱ አስቀድመው አብረው ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ መክሬያቸዋለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ሳይጠይቋት የቀሩትስ ምን ይባሉ?