የጎረቤት አበባና የሩቅ አገር ፕላስቲክ

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ አልፎ ወደ ሻሸመኔ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ሲጓዙ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ በአፍሪካ ከታወቁት ታላላቅ የጽጌረዳ እርሻዎች አንዱ ይገኛል። አበባው ተቆርጦ በብርድ ቤት ከቆየ በኋላ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይወሰዳል፤ ከዚያም ወደ ሆላንድ ገበያ ይበርራል። በአርሲ ነገሌ ግን የሠርግ ወራት ሲደርስ በየአዳራሹና በየሳሎኑ ዘወትር የሚታየው ከባሕር ማዶ የመጣ የፕላስቲክ አበባ ነው። ጎረቤት ያበቀለውን ሩቅ አገር ሲገዛው፣ ሩቅ አገር የሠራውን ደግሞ የጎረቤት ሰው መግዛቱ፣ ነጋዴ የሆነን ሁሉ ሊያሳስበው ይገባል።

«ፕላስቲኩ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል፤ በሳምንት ለሚጠወልግ ነገር ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ለፕላስቲኩ የሚከፈለው ዋጋ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ከአገር ይወጣል፤ ለእርጥቡ አበባ የሚከፈለው ግን በአራሹ፣ በአጓጓዡና በአዘጋጇ እጅ እየዞረ በአካባቢው ይቀራል። ከዚህም በቀር የሚጠወልግ ዕቃ ገዢውን ደጋግሞ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል።

አበባ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ይዘምራሉ፤ የኦሮሞ ሕዝብ በእሬቻ በዓል እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃ ዳር ይወርዳል፤ ቡና ሲፈላም ቄጠማ ይጎዘጎዛል። የጐደለው ፍቅሩ አይደለም፤ በቤት ውስጥ አሳምሮ የማዘጋጀቱና ወደ ገበያ የማቅረቡ ልማድ ነው። ጃፓኖች ኢኬባና በሚሉት ጥበባቸው ጥቂት ግንዶችን በአንድ ዕቃ አስማምተው በማኖር በዓለም ታውቀዋል፤ ውበቱ የሚገኘው ከአበባው ብዛት ሳይሆን ከአቀማመጡ መሆኑንም አስተምረዋል።

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ አያሻም። ማሰሮ፣ አፉ የተቆረጠ ቅል፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና ሳይቀር ውኃ የሚይዝ ብርጭቆ ከውስጡ ከገባበት ይበቃል። ሦስት ወይም አምስት ጽጌረዳ በመካከል ይቆማል፤ በዙሪያው የባሕር ዛፍ ቅጠልና አሪቲ ቢታከልበት መልክና መዓዛ ይሰጣል። ግንዱ በተሳለ ቢላዋ ሰያፍ ይቆረጣል፤ ከውኃው በታች የሚውለው ቅጠል ይመለመላል፤ ውኃው በየሁለት ቀኑ ይለወጣል። አበባውን ከፀሐይና ከበሰለ ሙዝ ማራቅ ዕድሜውን ያረዝመዋል። የእርሻ አበባ የተባይ መድኃኒት የሚረጭበት ስለሆነ፣ ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብና ከምግብ ማራቅ ያስፈልጋል።

በአንድ ገበያ ብቻ የመታመንን አደጋ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዓለም አይቶታል። የኮሮና ወረርሽኝ የአውሮፓን ሱቆች ባዘጋ ጊዜ በሆላንድ የአበባ ጨረታ ገዢ ያጣ እጅግ ብዙ አበባ ተጥሏል። በእንዲህ ያለ ቀን የአገር ውስጥ ገበያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ መጠጊያ ይሆናል።

በአርሲ ነገሌ አያሌ እናቶች አረቄ በማውጣት ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ሥራው ከጢስና ከእሳት ጋር የሚያውል ሲሆን ማገዶውም ደኑን ይጎዳል። አበባ ይህን መተዳደሪያ በአንድ ጊዜ ይተካል ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን በሠርግ፣ በምረቃና በበዓል ወራት ለእናቲቱ ወይም ትምህርቷን ለጨረሰች ልጇ ተጨማሪ ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል የታመነ ነው።

ስለዚህ የከተማው ነጋድያን ብዙ ገንዘብ ሳያፈስሱ በጥቂቱ ቢጀምሩ መልካም ነው። አስቀድሞ ከባለ ሠርጉ ትእዛዝና ቀብድ ተቀብሎ፣ በትእዛዙ ልክ ብቻ ማስመጣት ከኪሳራ ያድናል። በመጠኑ ወይም በመልኩ ለውጭ ገበያ ያልመረጡትን አበባ በአነስተኛ ዋጋ እንዲሸጡ እርሻዎቹን መጠየቅም ይገባል። የንግድ ምክር ቤትም አብቃዮችን፣ ባለሱቆችንና ሥራውን የሚሹ ሴቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያገናኝ፣ አጭር ትምህርትም ቢያዘጋጅ፣ ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር የሚስማማ ተግባር ይሆናል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለአገሪቱ ዋና ከተማ አዲስ አበባ የሚል ስም አውጥተዋል። በአበባ ስም የምትጠራ መዲና ያለው ሕዝብ፣ በገዛ አፈሩ የበቀለውን አበባ ለገዛ ጠረጴዛው ሊነፍገው አይገባም።