ስለ ሹራብ ሠሪዋና ስለ ክር ነጋዴው



በንግድ ጋዜጦች ላይ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ቅባት እህል፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ ባንክ ፈቃድ ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ስለ አንድ ጥቅል የሹራብ ክር ግን ብዕሩን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገሩ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ይሆናል። ሆኖም በነጋዴ መዝገብ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር የአንዲትን ሴት የክረምት ድካም ከንቱ ልታደርግ እንደምትችል በዐይኔ ስላየሁ፣ ይህን አስተያየት ለአስመጪዎች፣ ለጅምላ ሻጮችና ለባለ ሱቆች ለማቅረብ ተነሣሥቻለሁ።

አክስቴ የሚኖሩት በጫንጮ ነው። ጫንጮ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታን አልፎ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ወደ ደርባ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልበት ከተማ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ሜዳውን አቋርጦ የሚመጣው ነፋስ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቆነጥጥ እዚያ ያደረ ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ባለው አገር ሹራብ ጌጥ አይደለም፤ ከማገዶና ከብርድ ልብስ ጋር አብሮ የሚታሰብ የኑሮ ዕቃ ነው እንጂ።

ጎረቤቶቻቸው በኦሮምኛ «አዴ» እያሉ በአክብሮት የሚጠሩአቸው እኒህ ሴት፣ ጧት ላሟ ታልባ ወተቱ ለሰብሳቢው ከተሰጠ በኋላ፣ በርጩማቸውን ከደጃፍ ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ ሁለቱን መርፌ ይዘው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳይ ያለው ሰው ጥቂት መታገሥ አለበት። በመርፌው ላይ ያሉትን ቀለበቶች በሚቈጥሩበት ጊዜ የግራ እጃቸውን ጣት ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ጣቱ እስኪወርድ ድረስ የነፍስ አባታቸው ቢመጡ እንኳ ቆመው ይጠብቃሉ። በእሑድ፣ በሚካኤልና በማርያም ቀን መርፌ አይነኩም፤ ነገር ግን ክሩን በልጅ ልጃቸው ሁለት እጆች ላይ አስይዘው ሲጠቀልሉ ይውላሉ። «ይህስ ሥራ አይደለምን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መጠቅለል ጨዋታ ነው፤ ሥራ የሚባለው መርፌ ሲገባበት ነው» ሲሉ መለሱልኝ። አዲስ ክር በገዙ ቁጥር ባለቤታቸው እንዳያዩባቸው በእህል ጎታው ውስጥ ይሸሽጉታል፤ ባለቤታቸውም የሚያውቁትን ነገር እንዳላወቁ ሆነው ይኖራሉ።

ወደ መርካቶ የሚወርዱበት ቀን ለእርሳቸው እንደ በዓል ነው። ሌሊት ተነሥተው እስከ አዲሱ ገበያ በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ከዚያም በሌላ መኪና ወደ መርካቶ ይሄዳሉ። ከክር ሱቅ ሲገቡ አስቀድመው ዋጋ አይጠይቁም። ክሩን በጉንጫቸውና በአንገታቸው ላይ ያሻሹታል፤ ለልጅ አንገት የሚሻክር መሆኑን የሚለዩት እንዲህ ነው። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው፣ እማማ» ያላቸው እንደ ሆነ፣ ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ቈርጠው ከደጅ ወጥተው በክብሪት ያቃጥሉታል። ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። እኒህ ሴት ከኬሚስት ቤት ሳይገቡ ይህን ያህል ያውቃሉ። በዓለም ገበያ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀው አክሪሊክ፣ ዋጋው የረከሰና ለማጠብ የሚመች ስለሆነ አይነቅፉትም። የሚነቅፉት በሱፍ ስም መሸጡን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በአንድ የክረምት መግቢያ ላይ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ለመስከረም የሚደርስ፣ ቀለሙ የወይን ጠጅ የሆነ ሠላሳ የልጅ ሹራብ አዘዛቸውና ቀብድ ሰጣቸው። ለአንድ ሹራብ 250 ግራም ስለሚያስፈልግ፣ ለሠላሳው 7 ኪሎ ተኩል፣ ማለትም ባለ መቶ ግራሙ 75 ጥቅል ክር መግዛት ነበረባቸው። ቀብዱ የበቃው ግን ለ40 ጥቅል ብቻ ነው። አርባውን ገዝተው አሥራ ስድስት ሹራብ ሠሩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከወተቱ ገንዘብ አጠራቅመው ወደዚያው ሱቅ ተመልሰው የቀረውን 35 ጥቅል ገዙ። የሱቁ መብራት አንድ ቀለም አድርጎ አሳያቸው። ወሩ ነሐሴ ነበርና የጫንጮ ሰማይ ፀሐይ አልሰጠም፤ አሥራ አራቱንም ሹራብ በቤት ውስጥ በአምፑል ሥር ሠርተው ጨረሱ።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ሠላሳውን ሹራብ አጥበው በገመድ ላይ አሰጡት። ያን ጊዜ ነው አሥራ ስድስቱ አንድ ዓይነት፣ አሥራ አራቱ ደግሞ ወደ ቡናማ ያዘነበሉ ሆነው የታዩት። ትምህርት ቤቱ አሥራ ስድስቱን ተቀበለ፤ የደንብ ልብስ አንድ ዓይነት መሆን ስላለበት አሥራ አራቱን መለሰ። በዚህ አይፈረድበትም። ሻጩም ዕቃው ተሠርቶበታል ብሎ አልመልስም አለ። አክስቴ አሥራ አራቱን ሹራብ በገበያ እየዞሩ ከክሩ ዋጋ በታች ሸጡ። ይልቁንም ያሳዘነኝ በማንም ላይ አለማማረራቸው ነው። «ዐይኔ ደክሞአል፤ ከእንግዲህ ይህን ሥራ መተው ይሻለኛል» አሉኝ።

ዐይናቸው አልደከመም ነበር። ባለ ሱቁ ክሩን የወሰደው እኔ በጸሓፊነት ከማገለግልበት መጋዘን ስለሆነ መዝገቡን ገልጬ አየሁት። በሁለት የተለያየ ጊዜ የገባው ክር የቀለም ስሙ አንድ ሲሆን፣ ከአቅራቢው በመጣው የእሽግ ዝርዝር ላይ የንክር ቍጥሩ ሁለት ነው። በእኛ መዝገብ ግን ሁለቱ ተደምረው «የወይን ጠጅ» ተብለው በአንድ መስመር ተጽፈዋል። ያችን መስመር የጻፍሁት እኔ ነኝ። መጋዘኑም ካርቶኖቹን ቀላቅሎ ሰጠ፤ ባለ ሱቁም ለማሳየት እንዲመቸው በጥቅሉ ላይ ያለውን ወረቀት ገፎ ጣለ። ሦስታችንም ተንኰል አላሰብንም፤ ሦስታችንም ግን ችኰላችንን በአንዲት ሴት ላይ ጫንን። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ያፈሰስነው እኛ ስንሆን የለቀሙት እርሳቸው ናቸው።

የንክር ቍጥር ማለት ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ ላስረዳ። ፋብሪካ ክርን የሚያቀልመው በየዙሩ ነው። የቀለሙ ቅመም አንድ ቢሆንም፣ የውኃው ሙቀት፣ የቆይታው ጊዜና የጥሬ ዕቃው ጠባይ ጥቂት ስለሚለያይ፣ የዛሬው ዙር ከትናንትናው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ስለዚህ ፋብሪካው በእያንዳንዱ ጥቅል ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቍጥር ሌላ የንክሩን ቍጥር ያትማል። በዚያው ወረቀት ላይ ክብደቱ፣ የክሩ ርዝመት፣ የሚስማማው የመርፌ ቍጥር፣ ከምን እንደ ተሠራና እንዴት እንደሚታጠብ ይጻፋል። ይህ ወረቀት ማስጌጫ አይደለም፤ የክሩ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተገፈፈበት ክር ስሙን እንዳጣ ሰው ነው።

በዚህ ረገድ የሌላውን አገር ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን በሚገኙት በሼትላንድ ደሴቶች ብዙ ሴቶች በሹራብ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን የሥራቸውን ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በሻይና በጨርቅ ይከፍሉአቸው ስለነበር፣ በመጨረሻ ነገሩ ከእንግሊዝ መንግሥት ዘንድ ደርሶ በ1872 (እ.ኤ.አ.) የመርማሪዎች ሪፖርት ወጣበት። ከዚህ የምንማረው ነጋዴና ሠራተኛ በቀና ሂሳብ ካልተገናኙ ውሎ አድሮ ሌላ ዳኛ እንደሚገባባቸው ነው። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎአል። አዋጁን ከመፍራት ይልቅ በፈቃዳችን ብንቀድመው ለስማችን ይበጃል።

አንዳንድ ባለ ሱቆች የሚያቀርቡትን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ንቄም አላልፈውም። የመጀመሪያው፣ «ብዙዎቹ ገዢዎች ከሁለት ጥቅል በላይ አይገዙም፤ ስለ ቍጥር ማን ይጨነቃል?» የሚለው ነው። ለሕፃን ኮፍያና ለካልሲ የሚገዛ ሰው በእርግጥ አይጨነቅም። የአዋቂ ሹራብ የሚሠራ ግን አምስት ወይም ስድስት መቶ ግራም ይፈልጋል፤ ትእዛዝ የተቀበለች ሴትም እንደ አክስቴ በኪሎ ትገዛለች። ሱቁን የሚያቆመውም ይህች ሁለተኛዪቱ ናት፤ ከክሩ ጋር መርፌ፣ አዝራርና ዚፕ የምትገዛ፣ ጎረቤቶችዋንም ይዛ የምትመጣ እርስዋ ናትና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሮአል፤ አስመጪው ቀድሞ በሚያመጣበት ብር ያንኑ ያህል ክር ማምጣት አይችልም፤ ባለ ሱቁም ብዙ ክር በመደርደሪያው ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ይከብደዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ክሩ በተወደደ መጠን የተበላሸ ሹራብ ኪሳራም በዚያው ልክ መክበዱን መርሳት የለብንም። ገዢዋ ገንዘብዋ ስላነሰ በሁለት ጊዜ ከፍላ የምትገዛ ከሆነች፣ የንክር ቍጥር የሚያስፈልገው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ነው።

ሦስተኛው፣ «ሰልባጅ ሹራብ በርካሽ በሚገኝበት ገበያ የእጅ ሹራብ ዘመኑ አልፎበታል» የሚለው ነው። ሰልባጅ ግን ሠላሳ ልጆችን አንድ ዓይነት አድርጎ አያለብስም፤ እንደየልጁ ልክም አይሠራም። የእጅ ሥራ ቦታው ይኸው ነው፤ ይህንንም ቦታ የሚያጠፋበት ሰልባጅ ሳይሆን የተደባለቀ ክር ነው።

ስለዚህ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አስመጪው ለአቅራቢው ሲጽፍ የአንድ ቀለም ክር በተቻለ መጠን ከአንድ ንክር እንዲላክለት፣ ቍጥሩም በፋክቱሩና በእሽግ ዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ፤ በመዝገቡም ለእያንዳንዱ ንክር የተለየ መስመር ይስጥ። ሁለተኛ፣ ባለ ሱቁ የጥቅሉን ወረቀት አይግፈፍ፤ ፈትቶ በሚዛን የሚሸጥ ከሆነም ቍጥሩን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ገዢዋ ቀብድ ስትሰጥ የቀረው ክር ከዚያው ንክር እስከ አንድ ወር ይቀመጥላት፤ ያልተፈታና ወረቀቱ ያለ ጥቅል ብትመልስም ይቀበላት። አራተኛ፣ ቀለም የሚመረጠው በአምፑል ሥር ሳይሆን በደጃፍ፣ በቀን ብርሃን ይሁን፤ ሻጩ ራሱ «እማማ፣ ወደ ውጭ አውጥተው ይዩት» ይበል። ከእነዚህ ውስጥ ካፒታል የሚጠይቀው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀብድ የተያዘበት ነው። የቀሩት የሚጠይቁት ቀለምና ትዕግሥት ነው።

ይህን የምለው በሌላው ላይ ጣቴን ለመቀሰር እንዳልሆነ ለማስረዳት፣ ነገሩን አስቀድሜ ለአሠሪዬ አመለከትሁ። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ በዕቃው መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመር ፈቀዱ። ዓምዱን ለማስመር የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ክር ሁሉ በንክሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የመጋዘኑ ሠራተኞችም በመጀመሪያው ሳምንት ካጉረመረሙ በኋላ ለምደውታል።

ወደ ጫንጮም ሄጄ ጥፋቱ የዐይናቸው ሳይሆን የእኔ ብዕር መሆኑን ለአክስቴ ነገርኋቸው። ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቀለበታቸውን ቈጥረው እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብዬ ቆምሁ። ከዚያም «እንግዲያውስ ሥራዬን አልተውም» አሉኝ። ባለፈው ወር መርካቶ ሲወርዱ አብሬአቸው ነበርሁ። ከቦርሳቸው ውስጥ በአራት የታጠፈች የጥቅል ወረቀት አውጥተው ለባለ ሱቁ ሰጡትና፣ «ልጄ፣ ቀለሙን ተወውና ቍጥሩን አንብብልኝ» አሉት። ባለ ሱቁ ግን ከመደርደሪያው ያሉት ጥቅሎች ሁሉ ወረቀታቸው ተገፎ ነበርና የሚያነበው ቍጥር አላገኘም። አክስቴም ሳይገዙ ወጡ።