ማን ይንበርከክ?

«አሁን ደግሞ አሠልጣኝ ልትሆንብን ነው» አለኝ ወዳጄ፣ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ እሾህ ሳህኑ ዳር እየደረደረ።

ያልኩት እኮ ቀላል ነገር ነው። ሰው ሕይወቱን መለወጥ ከፈለገ መንግሥትንም ዕድልንም መውቀሱን ተወት ያድርግና ከራሱ ይጀምር። በቃ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ይህን መናገር ጠብ መጫር መሆኑን ማን ነገረኝ?

«እሺ፣ ከራሱ ጀመረ እንበል። የት ይደርሳል? እዚህ አጠገባችን ላንቴ?»

«ላንቴም ቢሆን መድረስ ነው።»

«ላንቴ ከደረስክማ ሙዝ ውስጥ ገባህ። በል ስለ ሙዝ እናውራ።»

ወዳጄ የሙዝ ገበሬ ልጅ ነው። ሙዝ ካነሳ ዓሣው ይበርዳል እንጂ ወሬው አይበርድም። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋ፣ ቆላ ሻራ እያለ ወደ ሀሬ ወንዝ የሙዝ ቀበሌዎች ወረደ።

«አባቴ ሰነፍ ነው?» አለኝ።

«ማን ሰነፍ አለ?»

«አይደለም፣ መልስልኝ። የውሃ ተራው ሌሊት ሲደርሰው ሌሊት ይነሳል። የበዛውን ቡቃያ ይነቅላል፣ የደረቀውን ቅጠል ይመለምላል፣ ዘለላው የከበደውን ግንድ በባላ ይደግፋል። ዓመት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ደላላው ይመጣና ማሳው ዳር ቆሞ፣ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ዋጋ ይናገራል። አልሸጥም ይበል? ሙዝ ጤፍ አይደለም፤ ጎተራ አይገባም። ደረሰ ማለት ደረሰ ማለት ነው። እንዳረንጓዴው ተቆርጦ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ በተዘጋ ቤት በኬሮሲን ጭስ ይበስላል። አንተ ቦሌ ላይ በምትከፍለውና አባቴ እጅ ላይ በሚቀረው መካከል ስንት ሰው እንዳለ ደላላው ይንገርህ። እና አባቴ የቱን ይለውጥ? አስተሳሰቡን?»

«ማኅበር ይግባ። አንድ ገበሬ ብቻውን ዋጋ አይከራከርም፤ መቶ ሆነው ከመጡ ግን ደላላውም እጁን ከኪሱ ያወጣል።»

ወዳጄ ይህቺን ሲጠብቃት እንደነበር ከፈገግታው ገባኝ።

«ቅድም ‹ከራስህ ጀምር› ነበር ያልከው። አሁን ከጎረቤትህ ጀምር እያልክ ነው። ማኅበር ደግሞ ብቻህን አይገባም፤ ጎረቤትህ ለደላላው ተደብቆ ቢሸጥስ? የውሃውንም ነገር ጨምርበት። ሀሬ ሲያንስ ከላይ ያለው ቀድሞ ይጠልፈዋል፤ ከታች ላለው ጭቃው ይደርሰዋል። የታችኛው ገበሬ በሌሊት መነሳቱ የላይኛውን ቦይ አይዘጋም።»

በዚህቺ አሸነፈኝ። ለጊዜው ነው ብዬ ሽቅብ ወጣሁ፤ ወደ ደጋው፣ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ።

«ሸማኔውን እይ» አልኩት። «የደጋው መሬት ጠበበው፤ እንሰቱ ለስንት ልጅ ይበቃል? ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ገባ። ማን ላከው? የየትኛው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ ሄደ? መወርወሪያውን ብቻ ይዞ።»

«መወርወሪያውን ብቻ? ያደረው የአጎቱ ልጅ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ድር በዱቤ ያገኘው በአገሩ ልጅ ዋስትና ነው። ዕቁብ ጥለውለታል፣ ሲታመም ዕድሩ ጠይቆታል፣ ማጉን የፈተለችው ሴት ናት። እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ የከተተው እሱ ነው፤ ያንን እሰጥሃለሁ። ዛሬ ደግሞ ጥበቡ በፋብሪካ ታትሞ ከባሕር ማዶ እየመጣ ነው፤ ለእሱም ራሱን ይውቀስ? ሌላም አለ፤ ከደጋው በልጅነታቸው እየተወሰዱ፣ ትምህርት ቤት ሳያዩ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሸማ የሚሠሩትን ልጆች ረሳሃቸው። ለእነሱም ‹ኃላፊነት ውሰዱ› ትላቸዋለህ?»

«ለልጅ እንዲህ የሚል ሰው ካለ እሱ ራሱ ይጠየቅ። እኔ የምለው ለአዋቂ ነው። ለምሳሌ ለወንድምህ።»

ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ወንድሜን ተወው።»

«ለምን እተወዋለሁ? ተመርቆ ቤት ተቀምጧል። ማስታወቂያ ሰሌዳ እያነበበ፣ ከሰዓቱን እየቃመ። ያ የምታዝንለት አባትህ ሌሊት ለውሃ ሲነሳ ባትሪ የሚያበራለት ማን ነው? የተመረቀ ሰው ሙዝ አይመለምልም ያለው ደላላው ነው?»

«አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሳቀ። «አባቴ ነው ያለው። ‹ላስተምርህ የለፋሁት ጭቃ ውስጥ እንድትመለስ አይደለም› ብሎ መለሰው።»

እንዲህ ያለ ተከራካሪ ምን ይደረጋል? ድል አድርጌ ሳልጨርስ ድሉን ከአፌ ነጠቀኝ። ቢሆንም ልጁ አንድ ጊዜ ተመለስ ተባለ ብሎ ለሁልጊዜው መቅረቱን አልዋጥኩለትም፤ ወዳጄም እንዳልዋጠው ፊቱ ይናገራል።

ያቆየሁትን አወጣሁ። «መስከረም 2011ን አስታውስ።»

ቀልዱ ቆመ። አዲስ አበባ አጠገብ፣ በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ልጆች ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀል እዚህ የተሰማ ሰሞን ከተማው ምን ይመስል እንደነበር ለእሱ አይነገርም። ወጣቱ በቀል ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው መንገድ ላይ ጠበቁት፤ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ በገዛ ልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። ልጆቹ ቆሙ።

«የእነዚያ አባቶች ጥፋት ምን ነበር?» አልኩት። «ምንም። የተበደለው ወገናቸው ነው፤ ልቅሶው የእነሱ ነው። ‹የበደለው መጥቶ ይንበርከክ› ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እኔም የምለው ይህንን ነው። ያላበላሸኸውም ነገር ደጅህ ላይ ከደረሰ፣ ማን አመጣው ብለህ ስትጠይቅ ቤቱ ይቃጠላል።»

ወዳጄ ዝም አለ። አገኘሁት ብዬ ውሃዬን ልጠጣ ስል፦

«ልጆቹ ባይቆሙስ?»

«ቆሙ እኮ።»

«ለምን ቆሙ? ሳር የያዘ ሽማግሌን አልፎ የሄደ ጎሜ፣ የነውር መዘዝ፣ እንደሚይዘው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሰምተው ስላደጉ ነው። ዱቡሻ ላይ፣ በአደባባዩ ሸንጎ፣ ሰው ሲዳኝና ሲታረቅ፣ አባቶቻቸው ሳር ሲያከብሩ አይተው ስላደጉ ነው። ያንን ሥርዓት አንድ ሰው ከራሱ ጀምሮ አልሠራውም፤ ስንት ትውልድ ሠራው። ሳሩ የሚያቆመው ሳር የሚያከብር ሰው ፊት ነው። በል እስቲ ሳር ይዘህ ደላላው ፊት ተንበርከክ!»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄን ቶሎ ጨረስኩ።

«ሥርዓት ብቻውን አይንበረከክም» አልኩት። «ያን ዕለት ሳሩን የሚነጭ እጅ አስፈልጎታል። ሽማግሌዎቹ ‹ወጉ አለ፣ ወጉ ያቆማቸው› ብለው ቢቀመጡ ወጉ ከቤት አይወጣም ነበር።»

«ይህቺን ልውሰድልህ። አንተ ደግሞ የእኔን ውሰድ፦ ‹ኃላፊነት ውሰድ› የምትሉት ሁልጊዜ ከታች ላለው ነው። ቦዩን ለጠለፈው አትሉም፣ ለደላላው አትሉም፣ ሕፃኑን ሸማ ቤት ላስቀመጠው አትሉም። መጀመሪያ የተንበረከኩት እኮ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ የሚከበሩት፣ የሚሰሙት። ምክሩም ከዚያ ይጀምር።»

ሲነሳ «ለማንኛውም ወንድሜን ነገ ማሳ ይዤው እወርዳለሁ» አለ። «አባቴ ቢያባርረው አንተ ጋ ነው የምልከው።»

አልተስማማንም። እኔ አሁንም ሰው ከራሱ ይጀምር እላለሁ። ወዳጄ ግን አንድ ነገር አስጨመረኝ፤ ይህን ምክር ለሌላ ሰው ልታካፍሉ ስትነሱ፣ መጀመሪያ ከእናንተ በላይ አቅም ላለው ንገሩት፤ ቀጥሎ ለራሳችሁ። ሌሊት ተነስቶ ውሃ ለሚጠብቀው ገበሬ የምትነግሩት የለም፤ እሱ ከጀመረ ቆይቷል።