ጤና፦ ብርድን የማያውቅ እግር

«ብርዱን ለመድነው» የሚሉ ኢትዮጵያውያን በካልጋሪ ጥቂት አይደሉም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን እንዲህ ከማለቱ በፊት ጫማውን አውልቆ እግሩን ቢያይ ይበጀዋል፤ ብርዱን የለመደው እግሩ ሳይሆን፣ ስለ ብርዱ የሚናገረው ነርቭ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላልና።

ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወጥተው መላ አካልን የሚያዳርሱት ነርቮች በሥራቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ክፍል «ሶማቲክ» ይባላል። ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ስሜትን ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ትእዛዝንም ወደ ጡንቻ ያወርዳል። መራመድም ሆነ እንጀራ መቁረስ በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው «ኦቶኖሚክ» የተባለው ሲሆን፣ ልብን፣ የደም ሥርን፣ ጨጓራን፣ ፊኛንና ላብን የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ያስተዳድራል። እሱም ሁለት ቅርንጫፎች አሉት፦ «ሲምፓቴቲክ» በአደጋና በብርድ ጊዜ አካልን ያነሣሣል፤ «ፓራሲምፓቴቲክ» በዕረፍት ጊዜ ልብን ያረጋጋል፣ ምግብ እንዲፈጭ ያደርጋል።

በጥር ጠዋት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሠራል። ብርዱ ጣቱን ሲያቃጥለው ሶማቲኩ ይናገራል፤ ሰውየውም እጁን ኪሱ ይከታል። በዚያው ቅጽበት ሲምፓቴቲኩ የቆዳውን የደም ሥሮች አጥብቦ ሙቀቱን ለውስጥ አካል ይቆጥባል። መንቀጥቀጡ ደግሞ በሶማቲክ ነርቭ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ያዘዘው ግን የሰውየው ፈቃድ አይደለም።

ለዓመታት ያልተቆጣጠሩት ስኳር ሁለቱንም ክፍሎች ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጠቁ መደንዘዙ ከእግር ጣት ይጀምራል። ላብ የሚያዝዘው ነርቭ ሲዳከም ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከመቀመጫ ሲነሡም ሊያዞር ይችላል። ለሹፌሮች የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቁት ላብ፣ የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ጨርሶ ሊጠፉ ይችላሉ።

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የሥጋ ደዌ ራሱ ጣት የሚቆርጥ ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። በሽታው የሚያጠቃው ግን ነርቭን ነው፤ ጣት የሚጠፋው ሳይታወቅ በሚደርስ ቃጠሎና ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተቋቋመው አለርት በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው። ከዚያ በሽታ የሚገኘው ትምህርት ለስኳር ሕመምተኛም ይሠራል፦ ስሜት ሲጠፋ ዓይን ይተካው።

ስለዚህ ማታ ማታ እግርን፣ በጣቶች መካከል ጭምር ማየት ይገባል። ከብርድ የገባ እግር በፍል ውሃ ወይም በማሞቂያ አይሞቅም፤ የውሃውን ሙቀት ሌላ የቤተሰብ አባል በእጁ ይለካው። ሐኪምም በዓመት አንድ ጊዜ እግርን በቀጭን የናይለን ክር እንዲፈትሽ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአልበርታ 811 ደውሎ፣ በአስተርጓሚም ቢሆን፣ ነርስ ማነጋገር ይቻላል። ጣት አመድ መስሎ ከደነዘዘ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ደንዝዞኛል»፣ «ውርር ይለኛል» ማለት ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። እግር አለመታመሙ ሁልጊዜ ጤና አይደለም።