ጉለሌን ማን ጠየቀው?

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ስልካችን በፖል ይጥለቀለቃል። «ማንን ትመርጣላችሁ?»፣ «ሀገሪቱ ወዴት እየሄደች ነው?» ትጫናላችሁ፣ ፐርሰንቱን ታያላችሁ፣ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለጓደኛ ትልካላችሁ። እኛም ፖል እንለጥፋለን፤ ኮሜንቱን ያሞቀዋል። የሕዝብ አስተያየት ግን እሱ አይደለም። እዚያ ላይ የሚመልሰው ዳታ ያለው፣ ገጹን የሚከታተል፣ ጉዳዩ ያናደደው ወይ ያስደሰተው ሰው ነው። ሽሮሜዳ ቀኑን ሙሉ ሲሸምን የሚውለው ወጣት፣ ቀጨኔ ሸክላ የምትሠራው እናት፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ድምሩ ውስጥ የሉም።

ታዲያ እነሱን ማን ይጠይቃቸው?

በሀገራችን ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ዴሞክራሲ ከሚጠይቁ ጥቂት ጥናቶች ውስጥ በደንብ የሚታወቀው አፍሮባሮሜትር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጋና፣ አክራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2005፣ በ2012 እና በ2015 ዓ.ም ጠይቋል። በ2012ቱ ዙር ወደ 2,400 አዋቂዎች ተጠይቀዋል። ለሀገር ደረጃ ይህ ይበቃል፤ ውጤቱ 2 ፐርሰንት ወዲህ ወይ ወዲያ ቢል ነው።

ለጉለሌስ? እስቲ እናስላው። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው ቆጠራ ኢትዮጵያ ወደ 73.8 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ደግሞ 267,624። 2,400ውን በሕዝብ ብዛት ብናካፍለው ለጉለሌ የሚደርሰው 9 ሰው ነው። ዘጠኝ! አንድ ሚኒባስ እንኳን አይሞላም። ጥናቱ ስለ ሀገር እንዲነግረን እንጂ ስለ ክፍለ ከተማ እንዲነግረን ስላልተሠራ በዚህ አይወቀስም። (ያ ቆጠራ የመጨረሻው መሆኑንም ልብ በሉ። 4ኛው በሰኔ 2011 በፓርላማ እንደገና ተራዝሟል። ዛሬ ናሙና የሚያወጣ ተመራማሪ መነሻ የሚያደርገው ብዙዎቻችሁ ሕፃን በነበራችሁበት ዘመን የተቆጠረ ሕዝብ ነው።)

«እና ከ9 ወደ 400 ቢያድግ ምን ይለወጣል?» የሚል አይጠፋም። በ2005ቱ ጥናት የሆነውን እንይ። ያኔ ኢትዮጵያውያን ለሀገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ነጥብ በአፍሪካ ከከፍተኞቹ አንዱ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በግንቦት 2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልለው ወሰዱ። ከወራት በኋላ ተቃውሞ ፈነዳ፣ በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያ ሁሉ «ጥሩ ነው» ያለ ሰው የት ገባ? ሮበርት ማትስ እና ሙሉ ተካ የተባሉ ተመራማሪዎች ያንን ከፍተኛ ነጥብ ተመልሰው ሲመረምሩት የጥናታቸውን ርዕስ ራሱ ጥያቄ አደረጉት፦ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ኢትዮጵያውያን ዴሞክራሲን የሚረዱበት የራሳቸው መንገድ አለ?

ይህን ጥያቄ ሌላ 2,400 ቅጽ በመሙላት ብቻ አትመልሰውም። ከሽሮሜዳ ሸማኔ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ ካስፈለገም በጋሞኛ፣ «ዴሞክራሲ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልህ ምንድነው?» ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ይፈልጋል። ምርጫ ነው? ሰላም ውሎ መግባት ነው? የቀበሌ ቤቱ አለመነካቱ ነው?

አፍሮባሮሜትር መጨረሻ ላይ የሚያነሳት አንድ ጥያቄ አለች፤ እኛ በጣም እንወዳታለን። «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ትላለች። መንግሥት ነው የላካቸው ብሎ ያሰበ ሰው የሰጣቸው መልሶች በሙሉ በሌላ ዓይን ይነበባሉ። እዚህ ከተማ ደግሞ ለመጠየቅ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ። በር ከሚያንኳኳው ልጅ ጎን የወረዳ ሰው ከቆመ፣ የቤቱ ባለቤት ምን እንደሚመልስ መገመት አያቅትም። ቀስ ብሎ እምነት መገንባት ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው የሚበላው።

ገንዘቡ ግን ያን ያህል አይደለም። በትክክል የተመረጡ 400 ሰዎች ስለ ጉለሌ ወደ 5 ፐርሰንት በሚጠጋ የስህተት ህዳግ ይነግሩናል። አንድ ጠያቂ በቀን 4 ሰው ቢያናግር፣ 10 ልጆች በ10 ቀን ይጨርሱታል። የውሎ አበል፣ ትራንስፖርት፣ ሥልጠና፣ ትርጉም፤ በቃ። ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀን የሚደረግ ወርክሾፕ ከነአዳራሹና ከነቡፌው ከዚህ እንደሚበልጥ እንጠረጥራለን።

እንዲህ ዓይነት አነስተኛ የምርምር ድጋፍ በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው ኦስሪያ፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ለወጣት ተመራማሪዎች በውድድር ትንንሽ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ገንዘቡ በአብዛኛው ከስዊድንና ከኖርዌይ ዓይነት ለጋሾች የሚመጣ ነበር።

ችግሩም ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ በሁለት በኩል ይዘጋል። ከውስጥ፣ በ2001 የወጣው አዋጅ 621 በመብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠሩ የሀገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ እንዳያገኙ ከልክሎ ብዙዎቹን አዳከማቸው። በ2011 አዋጅ 1113 ቢተካውም፣ በኅዳር 2017 ካርድን ጨምሮ በዚሁ መስክ የሚሠሩ ድርጅቶች በባለሥልጣኑ ሲታገዱ አይተናል። ከውጭ ደግሞ ጥር 12 ቀን 2017 ከዋሽንግተን በወጣ አንድ ትዕዛዝ የአሜሪካ ዕርዳታ ቆመ። የአፍሮባሮሜትር አንዱ የገንዘብ ምንጭም ዩኤስኤአይዲ ነበር።

ገንዘቡ ሲመጣም ቢሆን ጥያቄውን ይዞ ይመጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አልፏል። ስለዚህ ወጣቱ መምህር ለጋሹ የሚወደውን ርዕስ ቢጽፍ ያዋጣዋል፤ ጎረቤቱ የሚያስጨንቀውን ርዕስ የሚከፍልለት የለም።

ከሀገር ውስጥ ይከፈል ማለት ቀላል ነው፣ እኛም እንላለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የምርምር ገንዘብ በራሱ የመወሰን ዕድሉ ሰፍቷል፤ በዲያስፖራው በኩልም በ2010 «በቀን 1 ዶላር» ተብሎ የተጀመረው ትረስት ፈንድ ገንዘብ ማሰባሰብ እንደሚቻል አሳይቷል። ግን «ጉለሌ ወረዳውን ያምናል ወይ?» የሚል ፕሮፖዛል የሚፈርም ማን ነው? ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት «እስቲ መጀመሪያ እንየው» የሚል ኃላፊ ካለ ገንዘቡ ቢቀርም ይሻላል። አመልካቹን የሚመርጡት ሌሎች ተመራማሪዎች መሆን አለባቸው፤ የሰዎች ስም ወጥቶለት ሙሉ ዳታው ለሁሉም መለቀቅ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ብሩ ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም።

እስከዚያው ግን «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» የሚል ቁጥር ሲደርሳችሁ፣ ከእኛም ገጽ ቢሆን፣ ስንት ሰው፣ የት፣ በምን ቋንቋ፣ መቼ እንደተጠየቀና ማን እንደከፈለ ፈልጉ። ሽሮሜዳ፣ አዲሱ ገበያ ወይም ቀጨኔ ላይ የሠራችሁት የመመረቂያ ጥናት ካለ በኢንቦክስ ላኩልን። ናሙናውንና ጥያቄዎቹን አይተን ከነስማችሁ እናቀርበዋለን።